የበልጅጌ በርሜል እርሳስ ጎረሰ፤ ጋዝ ቼክ የግድ ነው ወይስ የፈረንጅ ቅንጦት?

የኦሃዮው_በልጅግ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ አሜሪካ አንድ በልጅግ ገዛሁ። ከአገር ቤት ግምጃ ቤት ወጥተው በአስመጪ በኩል ከመጡት አሮጌዎች አንዱ ነው። የቤልጅየሙ ፋብሪካ ኤፍ ኤን የሠራው ስምንት ሚሊ ማውዘር፣ ላዩ ላይ የአንበሳ ምልክት አለው፣ ሰደፉ ተፋፍቋል። አያቴ እንዲህ ዓይነቱን ይዘው የተነሡት ፎቶ አለን። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የፋብሪካ ጥይት ኪስ ስለሚጎዳ አረሩን ራሴ ማፍሰስ ጀመርኩ። እርሳሱ ከጎማ ቤት የለቀምኩት የባላንስ እርሳስ ነው። ሞልዱ (ማፍሰሻ ቅርጹ) 175 ግሬን የሚመዝን አረር ያወጣል፣ አረሩ ቂጡ ላይ ለጋዝ ቼክ፣ ማለትም ቂጡን ለምታለብሰው ትንሽ የመዳብ ቆብ፣ የምትሆን ጠበብ ያለች ደረጃ አለችው። ጋዝ ቼኩን ግን አልገዛሁም። ሺው 45 ዶላር! ለጥፍር ለምታክል የመዳብ ቆብ! ባዶውን ተኮስኩ።

ፍጥነት መለኪያው ክሮኖግራፍ 1700 ጫማ በሰከንድ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ባታዩት ይሻላል። በ50 ያርድ ብትንትኑ የእንጀራ ምጣድ አከለ፤ ሁለቱ ደግሞ ወረቀቱን በጎናቸው ቀደው ነው ያለፉት፣ ቀዳዳው ልክ የቡና ፍሬ። ቤት ገብቼ በርሜሉን በመብራት ሳየው ውስጡ ብርማ ነገር ለብሷል። ሁለት ማታ በመዳብ ሽቦ ስፈቀፍቅ ባለቤቴ «ጠመንጃ ነው ወይስ ምጣድ የምታስሰው?» አለችኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ጋዝ ቼክ መቼ ነው የግድ የሚሆነው?

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ወንድሜ አይዞህ፣ በዚህ ያላለፈ የለም። መልሱ ግን «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረኝ። የበርሜልህን የውስጥ ስፋት ለክተሃል? አረሩን በማጥበቢያው ስንት ኢንች ላይ ነው የምታጠብበው? እርሳሱስ የተለጠፈው የት ጋ ነው፣ በቀለህ ቤቱ (ጥይቱ በሚቀመጥበት) በኩል ነው ወይስ በአፈሙዙ በኩል?

የመጨረሻዋን ችላ እንዳትላት። ከቀለህ ቤቱ ፊት ባለው በመጀመሪያው ስንዝር ላይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ በአረሩ ጎን እየሾለከ ነው። በአፈሙዙ በኩል ከሆነ ግን ቅባቱ መንገድ ላይ አልቆበታል። በሽታው ለየቅል ነው፣ መድኃኒቱም እንደዚያው።

ፈጣኑ_ከዳላስ

ጋሼ ይህን ያህል ምን ያወዛግባል? እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። የባሩድ እሳት ከ2000 ይበልጣል። እሳቱ የአረሩን ቂጥ ያቀልጠዋል፣ ጋዝ ቼክ ደግሞ እሳት መከላከያ ነው። አለቀ።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

አላለቀም ፈጣኑ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

አረሩ በርሜል ውስጥ የሚቆየው አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። የጋለ ምጣድ በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገህ ስታነሣ ትቃጠላለህ? በአረሩ ቂጥና በባሩዱ መካከል ስስ ካርቶን የሚያደርጉ ተኳሾች አሉ፤ ካርቶኑን ከአፈሙዙ ፊት መሬት ላይ ሲለቅሙት ጠቆር ይላል እንጂ አይነድም። ካርቶን ያላቃጠለ እሳት እርሳስ አቀለጠ ብሎ ማመን ይከብዳል።

ጉዳዩ ሽንቁር ነው። ፕሬዠር ድስት አስበው። የክዳኑ ጎማ ደህና ከሆነ ድስቱ ዝም ብሎ ያበስላል። ጎማው አንዲት ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ግን በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው እንፋሎት እጅህን ይልጣል። አረሩ ከበርሜሉ ቦይ (ውስጡ ላይ እየተጠማዘዘ ከሚሄደው ጎድጓዳ መስመር) ትንሽ ከቀጠነ፣ ወይም የቂጡ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ክብነቱ ከጎደለ፣ ጋዙ በዚያች ሽንቁር በከባድ ግፊት ያልፋል፣ እርሳሱንም እየላጠ ፊት ለፊቱ ባለው ብረት ላይ ይቀባዋል። አሁን ሙቀቱም ግፊቱም ባንድ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ አንተም ጨርሰህ አልተሳሳትክም።

ጋዝ ቼክ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቂጡን ጠርዙ በማይፈርስ መዳብ ያለብሰዋል። መዳቡ የበርሜሉን ጥምዝ ከለስላሳ እርሳስ በተሻለ ይጨብጣል። በዚያ ላይ ከፊት የቀረውን ቆሻሻ እየጠረገ ይወጣል የሚሉም አሉ፣ እኔም አምናለሁ፣ ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ግን የራሴ በርሜል ብቻ ነው። ነገሩን የፈጠረው የአይዲያል ኩባንያው ጆን ባርሎው ነው፣ ጭስ አልባ ባሩድ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን። የድሮው እርሳስ አዲሱን ፍጥነት አልችል ብሎ ነው ጫማ ያለበሱት።

ሸገር_ልጅ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ እኔ አልተኩስም፣ ታሪክ ነው የምወደው። «1700 ጫማ» አላችሁ፣ አሁን ደግሞ አረሩም ጫማ ለበሰ። የትኛው ጫማ ነው የትኛው?

የፔንሲልቬንያዋ

😂😂 የመጀመሪያው በሜትር ፈንታ ነው፣ የሁለተኛው ለእግር ነው። ከእንግዲህ ፍጥነቱን «ፊት» እንበለውና ጫማ ለቼኩ ይሁን። ቼክ የሌለው አረር ባዶ እግሩን ነው።

ሸገር_ልጅ (አዲስ አበባ)

ተግባባን። ታዲያ ጥያቄ አለኝ። ዓድዋ ላይ የነበረው ውጅግራ እርሳሱ ባዶ እግሩን አልነበረም እንዴ? እንዴት አልቆሸሸም?

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ደስ ይላል። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 ግራ ጠመንጃ ነው። አረሩ 11 ሚሊ፣ 25 ግራም ይመዝናል፣ በጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ በኛ ቋንቋ 1475 ፊት ገደማ መሆኑ ነው። ባዶ እግሩን ግን አልነበረም፤ ወረቀት ተጠቅልሎለት ነበር! እርሳሱ ብረቱን አይነካም፣ ወረቀቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ተበጣጥሶ ይቀራል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከኋላ በድንገት ስለሚመታ ለስላሳውን እርሳስ ያሳብጠውና ቦዩን ያስሞላዋል።

ፈረንሳዮቹ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድና የለበል ጠመንጃ ሲያመጡ ፍጥነቱ ከ600 ሜትር አለፈ። በዚያ ፍጥነት እርሳስና ወረቀት በቂ ስላልሆነ አረሩን ሙሉ በሙሉ ብረት አለበሱት። ጋዝ ቼክ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ሙሉ ልብስ አይደለም፣ ጫማ ብቻ።

(ደግሞ ሸገር፣ እዚያ ያሉ ወዳጆችህ ይህን አንብበው እንዳይሞክሩት። የአገር ቤቱ አዋጅ 1177/2012 ከፈቃድ ውጭ የጦር መሣሪያና ጥይት ነገር ውስጥ መግባትን አይቀልድበትም። እኛ ያለንበት አገር ሕጉ ሌላ ስለሆነ ነው የምናወራው።)

የኦሃዮው_በልጅግ

ጋሼ የቤት ሥራዬን ሠራሁ። እርሳሱ የተለጠፈው በሙሉ በቀለህ ቤቱ በኩል፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ኢንች ላይ ነው። አፈሙዙ ጋ ንጹህ ነው።

በርሜሉን አልለካሁም ነበር። አረሩን 0.323 ኢንች ላይ ነው የማጠብበው፣ የስምንት ሚሊ ማውዘር አረር 0.323 ነው ብሎ መጽሐፉ ላይ ስላየሁ።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

እዚያ ላይ ነው የወደቅከው። 0.323 ለመዳብ ለበስ የፋብሪካ አረር ነው። የእርሳስ አረር ከቦዩ ስፋት በ0.001 ወይም በ0.002 መብለጥ አለበት፤ ተጨንቆ ነው የሚገባው። አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ መጽሐፍ አያነብም። ስንቱን ዝናብና ስንቱን የብረት መወልወያ አይቶ ነው የመጣው።

ከዓሣ ማጥመጃ ሱቅ እንቁላል መሳይዋን ለስላሳ እርሳስ ግዛ። በርሜሉ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተህ፣ መዝጊያውን አውጥተህ፣ ዘይት ቀባና ከአፈሙዙ በኩል በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልክ ግፋት። ስትወጣ ወፍራሙን ቦታ በማይክሮ ሜትር ለካ። ካሊፐር አይሆንም፣ ካሊፐር ይዋሻል።

ቀቢው (ሚኔሶታ)

ሽማግሌዎቹን አትስሟቸው 😄 ጋዝ ቼክ ድሮ ቀረ። እኔ የምጠቀመው ፓውደር ኮት ነው፣ የመኪና ጎማ ቸርኬ የሚቀቡበት ዓይነት የዱቄት ቀለም። አረሩን ከዱቄቱ ጋር በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እንክት አድርጌ አንቀጠቅጠዋለሁ፣ በ200 ዲግሪ 20 ደቂቃ እጋግረዋለሁ፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ እንደ ድግስ ከረሜላ ሆኖ ይወጣል። ቅባት የለ፣ ጭስ የለ። በ30-30 (የጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው) ባዶ እግሩን 1700 ፊት እየተኮስኩ በርሜሌ መስታወት ነው።

የፔንሲልቬንያዋ

ቀቢው እኔም እቀባለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርካቸው። አንተ የምትቀባው አረር ከመቀባቱ በፊትስ ልኩ ነው? ቀለሙ ራሱ ውፍረት ይጨምራል። ቀጭን የነበረው አረር ቀለም ሲጠጣ ወፍሮ ልክ ስለሚሆን ሰው ቀለሙን ያመሰግናል። ያዳነው ግን ልኩ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ቀለም ጠርዝ አይሆንም። እኔ በ30-30 እስከ 1600 ያለ ቼክ ቀብቼ እተኩሳለሁ፣ ጥሩ ነው። 2000 ላይ ለአጋዘን የማዘጋጀውን ግን ቀብቼም ቼክ አደርግበታለሁ። ያለ ቼክ በ100 ያርድ 5 ኢንች የሚበትነው ከቼክ ጋር ወደ 2 ይወርዳል። በርሜሉ በሁለቱም ንጹህ ነው! ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በርሜል አለመቆሸሹና አረር ቀጥ ብሎ መሄዱ አንድ አይደሉም።

ቀቢው (ሚኔሶታ)

እሺ እህቴ፣ ስለ 2000ው ተረትቻለሁ። እኔ እዚያ ፍጥነት ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ፈጣኑ_ከዳላስ

በቁጥር ንገሩን እንጂ። ከስንት በላይ ነው የግድ?

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ቁጥር ልስጥህ፣ ግን እንደ ትራፊክ መብራት አትየው።

በጠመንጃ እስከ 1200 ፊት ባዶ እግር ይበቃል፣ አረሩ ልኩ እስከሆነ ድረስ። ከ1200 እስከ 1400 እንደ በርሜሉና እንደ እርሳሱ ነው። ከ1400 በላይ ያለ ቼክ የሚያስኬዱ ጎበዞች አሉ፣ ግን እኔ አልደክምም፣ አደርግበታለሁ። ከቼክ ጋር በመደበኛ እርሳስ 2000፣ ቢበዛ 2200 ድረስ ያለ ብዙ ጣጣ ትሄዳለህ። ከዚያ በላይ ሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ፍጥነት ግን ብቻውን አይፈርድም፤ ከጀርባው ግፊት አለ። 45-70 የሚባለው ጥይት ትልቅ ለስላሳ አረር በ1250 ባዶ እግሩን ዕድሜ ልኩን ይኖራል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ጥምዙም የላላ ነው። እንደ ጣልያኑ ጠመንጃ ካርካኖ ያለ 6.5 ሚሊ ቀጭን አረር ያው 1250 ላይ ሊያስለቅስህ ይችላል፣ ጥምዙ ፈጣን ነው፣ አረሩ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ትንሽ የቂጥ ጉድለት ትልቅ መንገዳገድ ታመጣለች። ደግሞ የካርካኖ ቦይ ወደ 0.268 ይጠጋል፣ ሰዉ 0.264 ከቶ «ይሄ የጣልያን ቆሻሻ» ይላል።

ሽጉጥ ላይም ያው ነው። ከታወቁት የአረር ነዳፊዎች ኤልመር ኪዝ ለ44 ሽጉጥ የሚሆነውን አረር ባዶ እግሩን አድርጎ ነው የነደፈው፣ ሬይ ቶምሰን ደግሞ ለ357 ሽጉጥ ቼክ ያለው ነደፈ፣ ሁለቱም እስካሁን ይፈስሳሉ።

ሸገር_ልጅ (አዲስ አበባ)

አበበ ቢቂላም ሮም ላይ ባዶ እግሩን፣ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ። ሁለቱንም አሸነፈ።

የፔንሲልቬንያዋ

2 ሰዓት ከ15 ባዶ እግሩን፣ 2 ሰዓት ከ12 በጫማ። ፍጥነት ሲጨምር ጫማ 😂 ክሩ (ይህ ውይይት) እዚህ ላይ ቢዘጋ ደስ ይለኝ ነበር።

የኦሃዮው_በልጅግ

አይዘጋም፣ ለካሁ!

ቦዩ 0.3245 ነው። እኔ 0.323 ስተኩስ ነበር። ማለትም አረሩ በርሜሉ ውስጥ እንደ ትልቅ ቦት ጫማ ውስጥ እንዳለ የሕፃን እግር ነበር። ከሞልዱ ሲወጣ ግን 0.326 ነበር፣ ደህናውን አረር ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። አንድ ቀን ሙሉ ሳጠብበው እጄ ዝሎ ነበር እኮ።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

እንግዲህ የበልጅግህ ችግር የጫማ ብቻ አልነበረም። 0.323 ላይ ቼክ ብታደርግበትም ይቆሽሽ ነበር፣ ምናልባት ትንሽ ያንስ ነበር። ሰዉ ቼክ ገዝቶ ያው ሲሆንበት «ጋዝ ቼክ ውሸት ነው» የሚለው በዚህ ነው። ቼክ ልክ ያልሆነን አረር ልክ አያደርግም።

አሁን 0.326 ላይ አጥብበው። ከዚያ አንድ ጥይት ብቻ ገጣጥመህ ያለ ባሩድና ያለ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) በጠመንጃው ሞክረው፣ ሳታስገድደው መግባት አለበት። የቀለሁ አንገት ከወፈረና ቀለህ ቤቱ ውስጥ ከተጣበቀ አረሩን አልለቅ ብሎ ግፊቱን ያንረዋል፣ በዚህ ቀልድ የለም። የባሩዱን መጠን ደግሞ ለእርሳስ አረር ከተጻፈ መጽሐፍ ውሰድ እንጂ ከፎረም አትውሰድ። ከኔም ቢሆን።

እርሳስህስ ምን ያህል ጠንካራ ነው? ንጹህ የባላንስ እርሳስ ከሆነ 11 ወይም 12 ብሪኔል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ይሆናል፣ ለ1700 ከቼክ ጋር ይበቃል። ሰው እርሳስ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል ብሎ ሊኖታይፕ (የድሮ ማተሚያ ቤት የፊደል እርሳስ) ፍለጋ ይዞራል። ሊኖታይፕ 22 ነው፣ እርሳሱን የሚያጠነክረው አንቲሞኒ 12 ከመቶ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ ላንተ ግን አያስፈልግህም። ከሞልዱ እንደወጣ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ብትጥለው የባላንስ እርሳስህ ራሱ ይጠነክራል። ውሃው ግን ከማቅለጫው ይራቅ! አንዲት ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባች ድስቱን ፊትህ ላይ ትደፋዋለች።

ፈጣኑ_ከዳላስ

በባላንስ እርሳስ ውስጥ ዚንክም አለ፣ እኔን አንድ ማቅለጫ ሙሉ አበላሽቶብኛል። እንደ አጃ ገንፎ ሆነ። አሁን እያንዳንዱን በጉጠት ቆንጠጥ አደርገዋለሁ። እርሳስ ከሆነ ይበሳል፣ ዚንክ ከሆነ እምቢ ይላል። ያመለጠችም ብትኖር ዚንክ በ419 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ ሙቀቱን ከ400 በታች ከያዝከው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ ትለቅመዋለህ።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ዛሬ ተናገርክ ፈጣኑ።

የካሊፎርኒያው_ኢላማ

እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደን ጭራሽ ተከልክሏል፣ እኔ ለወረቀት ኢላማ ብቻ ነው የማፈስሰው። ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። የጣሪያ ጠርዝ ከሚሸፈንበት ስስ አልሙኒየም ቼክ የሚቆርጥ መሣሪያ ይሸጣል። ገዝቻለሁ። ሒሳቡን ስሠራው ዋጋውን የሚመልስልኝ ከአምስት ሺህ ቼክ በኋላ ነው። ሁለት መቶ ቆርጬ ክንዴን አመመኝ። ይሠራሉ ግን፣ ቅሬታ የለኝም። ከኮካ ጣሳም ሞክሬ ነበር፣ ስስ ስለሆነ ሁለት መደራረብ ነበረብኝ፣ ያኔ ነው «ምን ነካኝ» ያልኩት።

የኦሃዮው_በልጅግ

45 ዶላሩን ከፈልኩ። ትናንት ማታ ቼክ ሳደርግ ቆየሁ። ትናንሾቹ ቆቦች ከቂጡ ላይ አልገባም አሉኝ፣ አንዳንዶቹ ዘመም ብለው ገቡ። ዘመም ያሉት ችግር አላቸው?

የፔንሲልቬንያዋ

አላቸው። ዘመም ያለ ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል። አረሩን አገላብጠህ ቼኩን በጣትህ አስቀምጠው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጫን አድርገው፣ ቀጥ ማለቱን በመብራት እይ፣ ከዚያ ብቻ በማጥበቢያው ግፋው። ሲያልፍ የቼኩ ከንፈር እርሳሱን ይነክሳል፣ ትንሽ «ቀጭ» የምትል ነገር በእጅህ ይሰማሃል። በጥፍርህ ስትሞክረው መነቀል የለበትም። የሚያስቸግር ከሆነ ቼኮቹን በእሳት እስኪቀሉ አግለህ አቀዝቅዛቸው፣ መዳቡ ይለሰልሳል፣ መመለሱን ይተዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ። የቀለሁን አፍ ትንሽ ከፈት አድርገው። ካልከፈትከው አረሩን ስታስገባ ከጎኑ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀለበት ይላጥና ያ ሁሉ ልክ መለካትህ ገደል ይገባል። ሌላው፣ ቼኩ ከቀለሁ አንገት በታች ወደ ባሩዱ ዘልቆ እንዳይገባ። ላልቶ እዚያ ውስጥ ከወደቀ የት እንደሚቀር አታውቅም፣ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ቀጣዩ ጥይት ቢመጣበት ደግሞ ጠመንጃውም አንተም ትጎዳላችሁ።

ልጆች አሉህ? እኔ ሁለት አሉኝ። ጋራዡ በሩ ተከፍቶ ነው የማቀልጠው፣ የማቅለጫ ልብሴ ቤት አይገባም፣ እጄን ታጥቤ ነው ስልክ የምነካው። የሚጎዳው ከጭሱ ይልቅ ላዩ ላይ የሚሰበሰበው ግራጫ ዱቄት ነው፣ በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። በዓመት አንዴ የደም ምርመራ አሠራለሁ። ጎረቤቴ ሳቀብኝ፣ ይሳቅ።

የኦሃዮው_በልጅግ

ልብሱን ከዛሬ ጀምሮ ጋራዥ ነው የምሰቅለው። ባለቤቴ ይህን ክር አንብባ «እቺ ሴትዮ ትባረክ» ብላለች።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ስለ ቅባት ማንም አልጠየቀም፣ እኔው ልናገር። ግማሽ ሰም፣ ግማሽ አሎክስ የሚባል የፋብሪካ ቅባት። ሰሙ እውነተኛ የንብ ሰም ይሁን፣ የሻማ ሰም አይደለም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ከሚመጣ ንብ አንቢ ነው የምገዛው፣ ሽታው እናቴ ጓዳ ያደርሰኛል። ማቅለጥ የጀመርኩት ግማሹ ለዚህ ሽታ ነው ብል አላጋነንኩም።

የኦሃዮው_በልጅግ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ በረዶ ነበር። ትናንት ተሳካልኝ።

በሁለት መንገድ ሞከርኩ። አንደኛው 0.326፣ ቼክ ያለው፣ የጋሼ ሰምና አሎክስ፣ 1700 ፊት። አሥር ጥይት በ100 ያርድ 3 ኢንች ተኩል ውስጥ ገባ። በእነዚያ የድሮ ማነጣጠሪያዎችና በኔ ዓይን! በርሜሉን በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጥቁር ብቻ ወጣ፣ ብር የለም።

ሁለተኛው ያው 0.326፣ ያለ ቼክ፣ ባሩዱን ከመጽሐፉ ዝቅተኛ መስመር አድርጌ 1250 ገደማ። በ50 ያርድ 2 ኢንች። ይህም አልቆሸሸም! ያ የቼክ ደረጃ ባዶውን እያለ! ይህን ሳይ ሁለት ማታ የፈቀፈቅሁት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ አመል ነውና ያለ ቼክ ወደ 1700 መለስኩት፣ አምስት ጥይት ብቻ። 7 ኢንች። እርሳሱ በርሜሉ ላይ ትንሽ ጀማምሮ ነበር፣ እንደ በፊቱ ግን አይደለም። እዚያ ላይ አቆምኩ።

በረዶው ላይ 20 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አንድ ቼክ አገኘሁ፣ ከአረሩ ተላቆ የወደቀ። የበርሜሉ አራት ጥምዞች ጠርዙ ላይ ተቀርጸዋል። ከአያቴ ፎቶ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

ተላቆ ከወደቀ ያ አንዱ በደንብ አልነከሰም። የሳተህ ጥይት እሱ ነው። አሥሩ ውስጥ አንድ ወጣ ያለ የለም?

የኦሃዮው_በልጅግ

አለ። እሱ ባይኖር 2 ኢንች ተኩል ነበር። እንዴት አወቁ?

ጋሽ_ማቅለጫ (ኔቫዳ)

እኔም አንድ እንደዚያ ያለ መስኮቴ ላይ አለኝ።

ቀቢው (ሚኔሶታ)

በልጅጉ፣ የስምንት ሚሊ ቼክ ሺው ለአንድ ሰው ይበዛል። እኔም ባለፈው ወር ስምንት ሚሊ ገዝቻለሁ፣ ለማንም አትንገር። ግማሹን በ22 ዶላር ትሸጥልኛለህ?

የኦሃዮው_በልጅግ

በውስጥ መስመር አድራሻህን ላክ። ግን ሳትቀባቸው።